ሃምሳ ቀለህ አመድ

ክላይቭ ሁለት ሳጥን የሞሪን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ቆቡን አወለቀ። ሞሪን አንዱን ከፈተችው። ቂጣቸው ናስ የሆነ ሃያ አምስት ቀይ የአደን ጥይቶች ተደርድረውበታል። በእያንዳንዱ ቀለህ ላይ የባሏ ስም በደቃቅ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ ኸርበርት፣ ኸርበርት፣ ኸርበርት።

"ሦስት ቀን ፈጀብኝ" አለ ክላይቭ። "አንድ በአንድ በእጄ ነው የሞላኋቸው። ቅንጣት አመድ መሬት አልወደቀም።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"በይ ካፖርትሽን ልበሺ። አዳኞቹ ኩሬው ዳር ቆመዋል፤ አምስት ሰዓት ላይ እንተኩሳለን።"

የክላይቭ አባትም፣ ከእሱ በፊት የነበሩትም የእንግሊዟ ኖርፎክ አዳኞች እንዲሁ ነበር የተሸኙት። የአደን ወቅቱ በሚዘጋበት ቀን የተቃጠለው አስከሬናቸው አመድ ጥይት ውስጥ ተሞልቶ፣ ይወዱት በነበረው ሜዳ ላይ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ሞሪን ይህንን ታውቃለች፤ የባሏን አመድ ለአደን ጓደኛው ለክላይቭ ስትሰጠውም አውቃ ነው። አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ረስታለች።

"ከአመዱ ሌላ ምን አለበት?"

"ያው የተለመደው ነዋ። ባሩድ፣ ባሩዱ ላይ የሚወተፈው ውታፍ፣ የእርሳስ ፍሬ።"

"ውታፉ ከምንድን ነው?"

ክላይቭ ወደ መስኮቱ ዞረ። "ከፕላስቲክ። ሞሪን፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብን።"

ኸርበርት ኩሬው ባለበት ርስት የአደን ጠባቂ ሆኖ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ቆቅ አርብቷል፣ ቀበሮ አባሯል፣ በኩሬው ዙሪያ ስንት ሺህ ጥይት እንደተኮሰ ራሱም አያውቅም። ካቻምና ክረምት ነው ነገሩ የተገለበጠው። አንዲት ስዋን የምትባል ነጭ የውኃ ወፍ ያንን ረጅም አንገቷን ማቅናት አቅቷት ኩሬው ዳር ተጋድማ አገኛትና በካፖርቱ ጠቅልሎ ወደ ሐኪም ወሰዳት። ሐኪሙ ራጅ አንስቶ ሆዷ ውስጥ ዘጠኝ የእርሳስ ፍሬዎች አሳየው። ጠጠር መስሏት ከጭቃው ለቅማ የዋጠችው ነው። ጓደኛዋ አንድ ወር ሙሉ ብቻውን ሲዋኝ ከረመ። ኸርበርትም አንድ ወር ሙሉ እህል በወጉ አልቀመሰም። "የገደልኳት እኔ ነኝ" ይል ነበር፤ "እኔ ነኝ እዚያ ያስቀመጥኩላት።"

ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ መረብ ይዞ እየዞረ ከሸምበቆው ውስጥ የፕላስቲክ ውታፍ ሲለቅም ኖረ። አዳኞቹን እርሳሱን ተዉት ብሎ ለመናቸው። ሕጉ ዳክዬ ላይ እንጂ ቆቅ ላይ አልከለከለንም አሉት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ሳቁበት። ክላይቭም ስቋል። ኸርበርት በጥቅምት ልቡ ከመቆሙ በፊት ለሞሪን የሰጣት አደራ አንድ ነበር፤ "ግማሼን ከእናቴ አጠገብ፣ ግማሼን ከኩሬው።" የእናቱን ድርሻ ቀብራለች፤ ለክላይቭ የሰጠችው የኩሬውን ነው።

"አይተኮስም" አለች ሞሪን።

"እርሳስ ባይኖርበት እኮ ሰማይ አይደርስም! አመድ ክብደት የለውም፣ አፈ ሙዙ ላይ ይበተናል። ሙያው የሚጠይቀውን ነው ያደረግኩት።"

"ስዋኗንም የገደላት ሙያው ነው።"

"ሃምሳ ጥይት ነው! ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የተኮሰው እርሳስ አይደለም እንዴ?"

"እሱ ነዋ የበላው! በዚያ ነው እየተብሰለሰለ የሞተው። አሁን ራሱን ጥይት አድርገህ እዚያው ልትጥለው? አደራ በላ አታድርገኝ፣ ክላይቭ።"

ቢላዋ አነሳችና የመጀመሪያውን ቀለህ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። የተናደደችው በክላይቭ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ነገር ግን ያንን ስም ሃምሳ ጊዜ የጻፈው ወዶት እንደሆነ ታውቃለች፤ ልቧን የሰበረውም ይኸው ነበር።

የክላይቭ ዓይን እንባ ሞልቷል። ከዚያ ቢላዋውን ከእጇ ወሰደ።

"እንዲህ አይደለም፣ ጣትሽን ትቆርጪዋለሽ። ባሩዱ ከታች ነው። ከላይ ነው የሚከፈተው።" ስልኩን አውጥቶ ደወለ። "ዛሬ ተኩስ የለም። ... የለም አልኩህ እኮ። ... አይ፣ አላበደችም። እኔም አላበድኩም።"

ክላይቭ ይቀዳል፣ ሞሪን በዱቄት ወንፊት ትነፋለች። የላመው ይወርዳል፣ እርሳሱ ከላይ ይቀራል። ከፕላስቲኩ ጋር የተጣበቀውን በኬክ ብሩሽ እየጠረገች አወረደችው። ችግሩ ሌላ ነበር። የኸርበርት አጥንት ሁሉ አልላመም፤ እርሳሱን የሚያክል ስብርባሪ አብሮ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ሁለቱም መነጽራቸውን አድርገው እንደ ምስር ይለቅሙ ጀመር፤ እሱን ወዲህ፣ እርሳሱን ወዲያ።

"ይሄ ጉልበቱ ይሆናል" አለ ክላይቭ አንዷን ስባሪ ወደ ብርሃን አንስቶ። "ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚያሰቃየው።"

ሞሪን ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ እፍኝ ቀረ። ደቃቁ እርሳስና ደቃቁ አጥንት በአንድ ዓይነት ግራጫ አቧራ ተሸፍነው፣ ቢያጥቡትም ቢጠርጉትም የትኛው የትኛው እንደሆነ አልለይ አለ። ሞሪን የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ ገለበጠችው።

ኩሬው ዳር ማንም አልነበረም። ሞሪን ጎንበስ ብላ አመዱን በእጇ እየዘገነች ውኃው ላይ በተነችው። ድምፅ አልነበረውም። ጥቂት ዳክዬዎች ዳቦ የተጣለላቸው መስሏቸው ቀርበው አዩና ተመለሱ። ክላይቭ ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ የሆነ ጸሎት ጀመረ፣ መሃሉ ላይ ጠፋበት።

ከዚያ ብልቃጡን ዘረጋላት። "ይኸውልሽ የቀረው። አንድ እፍኝ ነው፤ ክፈቺውና ይሂድ። እሱ ራሱ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ግማሼን ከኩሬው ብሎሻል። አሳነስሽበት።"

"አሳንሻለሁ።" ብልቃጡን ተቀበለችውና ክዳኑን ጭራሽ አጠበቀችው። "ይሄ እኔ ዘንድ ይቆያል። እኔ አልቃጠልም፤ ስሞት ከጎኔ አድርገህ ቅበረው።"

"እርሳሱንም?"

"እርሳሱንም። እዚያ ድረስ ዳክዬ አይጠልቅም።"

ሞሪን ብልቃጡን ካፖርቷ ውስጥ ከታ ቁልፎቹን ቆለፈችና ወደ ቤቷ አቀናች።