ከጀነሬተሩ ድምፅ ሥር

የናዝሬት ሠርግ እሁድ ሊሆን ሽር ጉዱ ደርቷል። አባቷ አቶ አካሉ ግን ቆመው ሊመርቋት አይችሉም፤ ባለፈው ክረምት የመታቸው ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ከነንግግራቸው ወስዶባቸዋል። የቀራት የታላቅ እህቷ የፈትለወርቅ የሠርግ ካሴት ነበር። እዚያ ላይ አባቷ በሙሉ ድምፃቸው ይመርቃሉ። ካሴቱን ይዛ፣ ለባቡሩ የተቆፈረውን የመገናኛ መንገድ ዘላ ተሻግራ፣ ባርኮት ቪዲዮ ኤዲት ወደሚያደርግበት ጠባብ ሱቅ ገባች።

"በኔም ሠርግ እንዲሰማ ነው የምፈልገው" አለችው። "ምስሉ ቢበላሽ ግድ የለኝም።"

በፈትለወርቅ ሠርግ ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበርና ካሜራው የቆመው ከጀነሬተር አጠገብ ነው። የአቶ አካሉ ቃል ከጩኸቱ ሥር ብቅ ጥልቅ ይላል።

ባርኮት ለዚህ የሚሆን ፕለጊን ነበረው፤ ከኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ላይ የሚገጠም ድምፅ ማጥሪያ። ጫጫታው ብቻውን የሚሰማበትን ቅንጣት ታሳየዋለህ፤ እሱ ያንን ለይቶ ከቀረው ላይ ይቀንስልሃል። ሰው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ካለ ይበቃዋል።

ዝም ያለ ሰው ግን አልነበረም። አቶ አካሉ "ውለዱ፣ ክበዱ!" ሲሉ ድንኳኑ "አሜን!" ይላል፤ አሜኑ ሳይወርድ "እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ!" ይከተላል። ከምርቃቱ በፊት እልልታ፣ ከምርቃቱ በኋላ ጭብጨባ። ባርኮት ቸኩሎ ከአንዱ አሜን ጅራት ላይ ቆርጦ ቢያሳየው፣ ፕለጊኑ የሰውንም ድምፅ ጫጫታ ብሎ ቆጠረው። አቶ አካሉ ውሃ ውስጥ ሆነው የሚናገሩ መሰሉ።

ናዝሬት ማዳመጫውን አወለቀች። "ይሄማ ከሚሰማ ቢቀር ይሻላል። ሰው ይስቅባቸዋል።"

ባርኮት ትንሽ አሰበ። "ጀነሬተሩ የማን ነበር?"

"የጋሽ ፉፋ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ድንኳንና ወንበር የሚያከራዩት።"

በማግስቱ ባሕር ዛፍ የከበበው ግቢ ደረሱ። ጋሽ ፉፋ ጉዳዩን ሲሰሙ ሳቃቸው አመለጣቸው።

"አንተ ልጅ፣ ስንት ዘፋኝ ባለበት አገር የኔን ጀነሬተር ልትቀዳ መጣህ? ዜማውን ሳላስጠናው!"

አስነሱት። ባርኮት በማዳመጫው ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ከካሴቱ ይልቅ ለስለስ ያለ ነው።

"ጋሼ፣ ያኔም እንዲህ ነበር የሚጮኸው?"

"ያኔማ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተበስቶ ነበር። ጎረቤት እንቅልፍ ነሳኸን ቢለኝ አስለወጥኩት።"

አሮጌው ማርሚታ ከዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ተገኘ። ጋሽ ፉፋ "ለሙሽራ ያልተደረገ ለማን ይደረጋል" እያሉ መልሰው ገጠሙት። ጀነሬተሩ ሲያጓራ ናዝሬት ጆሮዋን ያዘች፤ ባርኮት ግን ፊቱ በራ።

"በቃ፣ አሁን ሁላችንም ዝም!"

ጋሽ ፉፋ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ፤ ባርኮት ጩኸቱን ብቻውን ቀዳ።

ሱቁ ሲመለስ ለፕለጊኑ ያንን ሰጠው። ከጩኸቱ ጥቂት አስቀረለት፤ ሁሉን ልጥረግ ሲል ድምፁም አብሮ እንደሚሳሳ አይቷል። ቀስ በቀስ የአቶ አካሉ ድምፅ ወጣ፤ ጎርነን ያለ፣ በመሃል ጉሮሮውን የሚጠርግ።

የቀረው የእሳቸው ፈቃድ ነበር። ናዝሬት ሳታሰማቸው ሕዝብ ፊት ልታስለቅቀው አልደፈረችም። ዓርብ ዕለት ደግፋ አመጣቻቸው፤ ባርኮትም በስፒከሩ ለቀቀው። አቶ አካሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

"አባዬ፣ እሁድ ይሰማ? ካልፈለጉ ይቀራል" አለች።

ራሳቸውን አልነቀነቁም። በደህናው እጃቸው ጠጋ በይ አሏት። ተንበርክካ ስትቀርብ መዳፋቸውን አናቷ ላይ አሳረፉ።

"ክፉ አይንካችሁ!" አለ ድምፃቸው ከስፒከሩ። መዳፋቸው ጠበቅ አለ።

"አሜን" አለች ናዝሬት።

ባርኮት በስህተት እንዳያቋርጣቸው እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።