የተቆጣ ሰው ያለበት ድስት

ኤርሚንያ የመርከብ ቀን ሲደርስ ከዶሮ ቀድማ ትነሣለች። በሳምንት አንድ ቀን ያቺ ፎቅ ቤት የምታክል ነጭ የጎብኚዎች መርከብ በሜክሲኮዋ ማሳትላን ወደብ ላይ ስትቆም፣ ታናሽ እህቷ ሶኮሮ ታናግራታለች። በሌላው ቀን አታናግራትም። በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ በአንድ ቧንቧ እየታጠቡ፣ ሶኮሮ ለዶሮዎቹ የምትለው «እሽ» እንኳ ለእሷ አይደርሳትም።

እንግዶች ፊት ግን ሌላ ሰው ናት። ከመርከቧ የወረዱት ሃያ ሃያ ሁለት ሰዎች ታማል የሚባለውን በቅጠል የሚጠቀለል የበቆሎ ምግብ አሠራር ሊማሩ ግቢው ውስጥ ሽርጥ አጥልቀው ሲሰለፉ፣ ሶኮሮ እህቷን በክንዷ እቅፍ አድርጋ፣ ባለፉት ዓመታት ከእነሱው በለቃቀመችው የእንግዶቹ ቋንቋ «ይቺ ታላቅ እህቴ ናት። እሷ ምግቡን ትሠራለች፣ እኔ ደግሞ ውበቱን» ትላለች። ይስቃሉ። ቀጥሎ «እትዬ፣ እስቲ ጨው አቀብይኝ» ይመጣል። አሥራ ሁለት ዓመት የተደጋገመ ቀልድ ነው፤ ከነሳቁ ተሸምድዷል። ቢሆንም ድምፁ የሶኮሮ ነው፣ «እትዬ» የተባለችውም እሷ ናት። ኤርሚንያ ለዚያች «እትዬ» ስትል ሳምንቱን ሙሉ ትጠብቃለች። ያሳዝናል፣ ግን እንዲያ ነው።

ጥላቸው በእናታቸው ሞት የመጣ ነው። ከሙታን ቀን በኋላ በሳምንቱ እናትየው ሆስፒታል ተኝታ ሳለ መርከብ መጣች። ኤርሚንያ አስታማሚ ሆነች፣ ሶኮሮ እንግዶቹን ብቻዋን ተቀበለች። ረፋዱ ላይ እናትየው አረፈች። ሶኮሮ የሰማችው እንግዶቹን ሸኝታ፣ ድስቷን አጥባ፣ ሽርጧን አውልቃ ስትጨርስ ነው። «ለምን አልደወልሽልኝም?» አለች። «ተኝታ እያለች ነው ያለፈችው፣ ምንም አላለችም፤ ብትመጪስ ምን ታደርጊ ነበር?» አለቻት ኤርሚንያ። ከዚያ በኋላ ሶኮሮ አፏን ዘጋች።

ዛሬ የወቅቱ የመጨረሻዋ መርከብ ናት፤ እስከ ጥቅምት ሌላ አትመጣም። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሶኮሮ ማታ በአውቶቡስ ቲኋና ከተማ ልጇ ዘንድ ጠቅልላ ልትሄድ ነው። ኤርሚንያ ይህንን የሰማችው የበቆሎ ቂጣ ከምትሸጠው ከቶርቲላ ሻጯ ነው፤ የገዛ እህቷን ጉዞ ከቶርቲላ ሻጭ! ስለዚህ በሆዷ የያዘችውን ነገር ዛሬ ካልተናገረች መቼም አትናገረውም።

እንግዶቹ ገቡ። አንገቱ በፀሐይ የተቀቀለ ወፍራም ሰውዬ፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊት፣ ሲያዩአቸው የሚነጫነጩ ባልና ሚስት፣ ሌሎችም። የበቆሎውን ሊጥ ከስቡ ጋር አሹ። መድረሱን ለማየት ቅንጣት ሊጥ ውኃ ውስጥ እየጣሉ፣ ስትንሳፈፍ እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። ከዚያ ሽሪምፑን ከነጭንቅላቱ በሊጥ ሸፍነው በበቆሎ ቅጠል ጠቀለሉ፤ ጢሙ ከቅጠሉ ጫፍ ብቅ አለ። ሶኮሮ አንዱን አንሥታ ለነጭናጫዋ ሚስት «ይሄ ከእንቅልፉ ሲነሣ ያለውን ባልሽን አይመስልም?» አለቻት። ሴትዮዋ ሳትወድ ሳቀች።

ድስቱ ሲጣድ ሶኮሮ እጇን አነሣች።

«አሁን ስሙኝ! ወጥ ቤት ውስጥ የተቆጣ ሰው ካለ ታማል አይበስልም። ሦስት ሰዓት ቢጣድ ጥሬ ነው። የተጣላ ካለ አሁኑኑ ይታረቅ!»

ለእንግዶቹ ይህ ማሳቂያ ነው። ለኤርሚንያ ግን እናቷም አያቷም የኖሩበት እውነት ነው፣ ለዚያውም በዓይኗ ያየችው። ከእናታቸው ሞት በኋላ ወራቱን ሙሉ ድስቱ ውስጥ ከታች ያሉት ታማሎች ጥሬ እየሆኑ ወጥተዋል፤ እሳት ብትጨምር፣ ውኃ ብትጨምር ያው ነው። ሰው ሳያያት በጓሮ ወጥታ ከጎረቤት ታማል እየገዛች እንግዳ ያበላችበት ቀንም አለ። ከዐቢይ ጾም ወዲህ ግን መብሰል ጀመሩ። «ልቧ እየራራልኝ ነው» አለች ኤርሚንያ ለራሷ፤ ዛሬ ለመናገር ድፍረት ያገኘችውም ከዚሁ ነው።

ነጭናጮቹ ባልና ሚስት ተሳሳሙ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ይሄኔ ባርኔጣ ያደረጉት አሮጊት «እናንተስ? እህትማማች ሆኖ የማይጣላ አለ? ሳሚያት እንጂ!» አሉ። «ሳሚያት! ሳሚያት!» አለ ግቢው።

ሶኮሮ እየሳቀች መጥታ ጉንጯን ሳመቻት። ኤርሚንያ የእጇን አንጓ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። እንግዶቹን ያመጣው አስጎብኚ ውጭ ከሾፌሩ ጋር ወሬ ይዟል፤ የሁለቱን እህትማማቾች ቋንቋ የሚሰማ ሌላ ሰው የለም።

«ልቀቂኝ፣ ያዩናል» አለች ሶኮሮ ጥርሷን እንዳሳየች።

«ይዩን» አለች ኤርሚንያ፣ ቀጥላም በቁልምጫ ስሟ ጠራቻት። «ኮኮ፣ እማዬ ጠርታሽ ነበር። ተኝታ አይደለም የሞተችው። ‹ኮኮ የት ሄደች? ኮኮን ጥሩልኝ› እያለች ነው ያለፈችው። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። እንግዶቹን ጥለሽ ከመጣሽ የመርከቧ ሰዎች ዳግመኛ እንግዳ አይልኩልንም ብዬ… እስከ ምሳ ትቆያለች ብዬ… አልደወልኩም። ከዚያም ዋሸሁሽ።»

የሶኮሮ ፈገግታ አልተነቃነቀም። ከእንግዶቹ አንዷ ዓይኗን ጠረገች። «ምን አለችሽ?» ብለው ጠየቁ አሮጊቷ።

«እወድሻለሁ ነው ያለችኝ» አለች ሶኮሮ። ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዘው ድስቱን ከበው ጨፈሩ፤ የሶኮሮ እጅ በኤርሚንያ እጅ ውስጥ ነበር፣ ሙቅና ደረቅ። ኤርሚንያ አጥብቃ ያዘችው፤ ያኛው እጅ አልጠበቀም፣ አልላላምም።

ታማሉ በስሎ ወጣ። ቅጠሉ ከሊጡ ያለ ምንም ችግር ተላቀቀ። እንግዶቹ በሉ፣ ጣታቸውን ላሱ፣ አመስግነው ወደ አውቶቡሳቸው ሄዱ። ኤርሚንያ ድስቱ ውስጥ ከታች የቀረውን የመጨረሻውን ታማል ፈትታ አየችው። ልቡ ድረስ በስሏል።

«ኮኮ፣ ነይ እዪው!» እንባዋ መጣ። «የታችኛው እንኳ! ታርቀሽኛል ማለት ነው አይደል? አልተቆጣሽም ማለት ነው!»

ሶኮሮ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያለ እንግዳ ስታናግራት በስድስት ወር የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

«አልተቆጣሁም» አለች በዝግታ። «እማዬ አጠገብ ተኝታ የነበረችው ሴትዮ በሞተች በዘጠነኛው ቀን በተደረገላት ጸሎት ላይ መጥታ ሁሉንም ነግራኛለች። መጥራቷንም፣ ስልኩንም።»

«ታዲያ… ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንቺ እንድትነግሪኝ ነዋ! አሁን ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ። ገና መጣ፣ ዝም። ጥር ገባ፣ ዝም። ስትነግሪኝ ምን ምን ብዬ እንደምሰድብሽ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ እቅፍ አድርጌሽ እንደማለቅስም። እየተቃጠልኩ ነበር የምጠብቅሽ። ጾሙ ሲገባ አንድ ጠዋት ተነሣሁ፣ የለም። ንዴቱ የለም። ፈለግኩት፣ የለም።»

«ይሄማ ደግ ነው፣ ኮኮዬ…»

«እሱ ሲሄድ ሌላውንም ይዞት ሄደ፣ ኤርሚንያ።»

«እትዬ» ሳይሆን ስሟን ነው የጠራችው። ኤርሚንያ ያንን ሥሩ ጥሬ የወጣ ድስት፣ ጓሮ ለጓሮ ታማል የገዛችባቸውን ወራት አሰበች። ያኔ እኮ እህት ነበራት። ተቆጥታ፣ አኩርፋ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ እየጠበቀቻት ነበር። እሷ ደግሞ ታማሉ በሰለልኝ ብላ ደስ ብሏት ከረመች።

«ስደቢኝ» አለች። «ያዘጋጀሽውን ሁሉ ስደቢኝ፣ ምን አለበት?»

«ረስቼዋለሁ» አለች ሶኮሮ። እውነቷን ነበር። ተነሥታ ሽርጧን አወለቀችና አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

በሩ ተንኳኳ። አንገቱ የተቀቀለው ወፍራም ሰውዬ እያለከለከ ተመልሶ መጥቷል፤ አውቶቡሱ ይጠብቀዋል፣ ግን የሁለቱን እህትማማቾች ፎቶ ሳያነሣ መሄድ አልሆነለትም። ሶኮሮ ወዲያው ፈገግ አለች። መጥታ ክንዷን በኤርሚንያ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች፣ ጭንቅላቷንም ወደ እሷ ዘንበል አደረገች።

«ነይ እትዬ፣ ሳቂ እንጂ» አለች፣ በዚያው በእንግዶቹ ቋንቋ።

ሰውዬው ስልኩን ከኪሱ አወጣ። መነጽሩን ፈለገ። የቱን እንደሚነካ ጠፋውና ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ወፍራም ጣቱ መስታወቱ ላይ ተንከራተተ። ኤርሚንያ በእህቷ ክንድ ሥር ቀጥ ብላ ቆማ፣ እየሳቀች፣ ሰውዬው ቶሎ እንዳይሆንለት በልቧ ለመነች።

ሆነለት። ሶኮሮ ክንዷን አነሣች።