ሸራው ለእነሱ፣ ብረቱ ለእኛ

ሰላሁዲን የጋሼ ከበደን በር ለሦስተኛ ጊዜ ሲያንኳኳ ዝናቡ በአንገቱ እየገባ ነበር።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ፣ ሰላሁዲን። ሸራውን ፈልጌ ነው።"

ለማን እንደሆነ አልጠየቁም። ማዶ ያሉት ጎረቤታቸው እትዬ ሠርኬ፣ ልጃቸው ኃይለልዑል ጫካ ገብቶ ከመንግሥት ጦር ጋር ሲዋጋ መሞቱን ዛሬ ጠዋት ተረድተዋል። ለቀስተኛው ደጃቸው ላይ ዝናብ እየወረደበት ቆሟል።

ከሦስት ወር በፊት ቢሆን ልመና ባላስፈለገ፤ እድሩ አንድ ነበር። አንድ እሁድ ስብሰባ ላይ ገሚሱ ለሠራዊቱ እናዋጣ አለ፣ ገሚሱ የወንድማችን መግደያ አናዋጣም አለ፣ በቃ ተለያዩ። ወንበሩንም ድስቱንም እኩል ተካፈሉ። ድንኳኑ ላይ ሲደርሱ ግን የእነዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ጭንቅላት የት እንደሄደ እንጃ፤ ሸራው እናዋጣ ላሉት ለእነጋሼ ከበደ፣ የሚወጠርበት ብረት አናዋጣም ላሉት ለእነእትዬ ሙሉመቤት ደረሰ። ብረቱን ምን አለሽ ተራ በገዛ እጁ በይዶ የሠራው ሰላሁዲን ነው፤ ብረቱ ያለበት እቃ ቤት ቁልፍም እሱ ዘንድ ነው። ያን ቀን አፉን ዘግቶ መቀመጡ እስካሁን ያንገበግበዋል።

በሩ ገርበብ አለ።

"ልጄ እዚያው ግንባር ነው ያለው" አሉ ጋሼ ከበደ። "ለሚተኩስበት ሰው ድንኳን ልዘርጋ?"

"እትዬ ሠርኬ በማን ላይ ተኮሱ?"

ፊታቸውን አዞሩ። "ሙሉመቤት ራሷ ለምን አትመጣም? ትምጣና ትለምነኝ።"

"እሳቸውም እርስዎን ነው የሚጠብቁት።"

"እንግዲያው ትጠብቅ!" በሩ ተዘጋ።

እትዬ ሙሉመቤት ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ። ነገሩን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው እንኳን አልተነሱም።

"የእኛ ብረት የእነሱን ሸራ አይሸከምም። የራሳችንን እናሰፋለን።"

"መቼ?"

"ስናሰፋ! እስከዚያው ብረቱን እንዳትነካ።"

"ለቅሶው እኮ ዛሬ ነው እትዬ!" ብሎ ጮኸባቸው። ታላቁ ላይ ጮሆ አያውቅም ነበር።

እየተበሳጨ እቃ ቤቱን ከፈተ። ብረቱን ሁለት ሁለቱን በትከሻው እያደረገ ተመላለሰ። እትዬ ሠርኬ ደጅ ቋሚዎቹን አቆመ፣ ማያያዣዎቹን ገጠመ፣ የሸራውን ማሰሪያ ገመዶች በየማዕዘኑ ቋጥሮ ጫፋቸውን ለቀቃቸው። ማዶ የጋሼ ከበደ መስኮት መጋረጃ ተነቃነቀ።

እትዬ ሠርኬ ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው ወጡ። ቀና ብለው ባዶውን ብረት አዩ።

"ልጄ፣ ሸራውስ?"

"ጋሼ ከበደ ቤት ነው" አለ፣ ማዶ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። "እስኪመጣ እንጠብቃለን።"

አንድ አግዳሚ ወንበር ጎትቶ አመጣና ጣሪያ በሌለው ድንኳን መሃል፣ ዝናቡ ላይ ተቀመጠ።