በወፍ ሰበብ

የምሠራው ዶሮ እርባታ ነው። ቀኑን ሙሉ እንቁላል ስለቅም፣ ኩስ ስጠርግ እውልና ከፀጉሬ ላይ ላባ እየነቀልኩ ቤቴ እገባለሁ። ስለዚህ ባለቤቴ አጉልቶ የሚያሳይ አሮጌ መነጽር ገዝቶ "ከእንግዲህ ጓሯችን ውስጥ ወፍ እንመለከታለን" ሲል ሳቄ መጣ። እኔ ላባ አንሶኝ ነው?

ከሬዲዮ ሰምቶ ነው። ለጀማሪ የሚሆን ምክር ነበር፦ ጥሬ በትኑ፣ በዝርግ ሳህን ውኃ አስቀምጡ፣ ደማቅ ልብስ አትልበሱ፣ ከሁሉም በላይ አትንቀሳቀሱ፣ አታውሩ። እሱም ቤተሰቡን ሰብስቦ ሕግ አወጣ፤ ጓሮ በር ላይ ካለችው ወንበር ተቀምጦ መነጽር የያዘ ሰው እያለ ማንም ድምፅ አያሰማም። ራሱ ግን ሳምንት አልቆየም። ቁጭ ማለት መቼ ይሆንለታል! "ያቺው ድንቢጥ ናት" ብሎ መነጽሩን ሚስማር ላይ ሰቀለው። ሕጉን መሻር ግን ረሳ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ወገቤ አልዘረጋ ሲለኝ ወንበሯ ላይ ዘፍ አልኩ። አማቴ ከውስጥ "ኧረ መድኃኒቴን!" ይላሉ። ልጄ "እማ፣ ካልሲዬስ?" ትላለች። ባለቤቴ ክብሪት ጠፍቶበታል። መነጽሩን አውርጄ ዐይኔ ላይ ደቀንኩና "እሽሽ! መጥታለች" አልኩ። ቤቱ እረጭ አለ። ተድሬ ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ዐይኔን በጨው አጥቤ እዋሻለሁ። ከመነጽሩ ጀርባ ዐይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ፤ አንዳንዴም እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ባለቤቴ ለጎረቤቱ "ሚስቴ እኮ የወፍ ሊቅ ሆናለች" እያለ ይኩራራል። ይኩራራ። ያቺን የምቀመጥባትን ጊዜ ብቻ አይውሰዱብኝ፤ እሷን ካጣሁ እንዴት እንደምቆም አላውቅም።

ትናንት አማቴ ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ። ዐይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ጉንዳን ሲሄድ ይሰማል።

"ምን ዓይነት ናት?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ትንሽ ናት እማማ። ደረቷ ቢጫ።"

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

"ልጄ፣ ዛሬ እዚህ ጓሮ አንዲት ወፍ አልጮኸችም። ጥሬውን የለቀሙት የጎረቤት ዶሮዎች ናቸው። እነሱን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስታያቸው ትውያለሽ።"

በቃ፣ አሁን ለልጃቸው ይናገራሉ፤ ለመንደሩም መሳቂያ እሆናለሁ፤ ወንበሯም ቀረች አልኩ። ልነሳ ስል ትከሻዬን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ።

"እኔ ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ስገባ ወፍ የሚመለከት አልነበረም" አሉ። "ድካሜን የምሸሽግበት አጥቼ የጠራኝ ሁሉ ጋ ስሮጥ ኖርኩ። ዛሬ ደግሞ እኔው ጠሪ ሆኜ አረፍኩት።"

እንባዬ መጣ። ከውስጥ ባለቤቴ "ሸሚዜን የት አደረግሽው?" እያለ ሲቀርብ አማቴ ወደ በሩ ዞሩ።

"ዝም በል አንተ!" አሉት። "ገና አልበረረችም።"

ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ደፉ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ሁለታችንም ምንም ወደሌለበት ዛፍ ዞረን ዝም አልን።