ባህሩ ሲሸሽ

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። መቅዘፊያ የቆርቆሮውን በር ሲደበድብ ተሰማ።

«ተነሺ አንቺ ሳይንቲስት! ባህሩ ሞልቶልሻል፤ ዓሣው እንኳ ቁርሱን በልቶ ጨረሰ!»

አጎቷ ናቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአፋቸው ነጥቀው ያሳደጓት፣ ዓሣ ሸጠው ያስተማሯት። አሁን መሥሪያ ቤቷ ወንዙ ከባህር የሚገናኝበትን ውሃ እንድትመረምር ሲመድባት፣ ቀዛፊዋም እሳቸው ሆኑ። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ውሃው ተበክሎ ከተገኘ ማጥመድ ይከለከላል፤ ሁለቱም ያውቃሉ፣ አንዳቸውም አያነሱትም።

የምትቀዳው የውሃ ናሙና ሁሉ ሲመረመር ንጹህ ሆኖ ይገኝ ነበር። አጎቷ ወደቡ ላይ ደረታቸውን ነፍተው፣ «ልጄ መርምራዋለች! ከናንተ አፍ ይልቅ ይኸ ወንዝ ንጹህ ነው» እያሉ አጥማጆቹን ያስቁ ነበር።

ባህሩ በየቀኑ ይሞላል፣ ይሸሻል፤ እሳቸው የሚወስዷት ሲሞላ ብቻ ነበር። አንዴ፣ «ጋሼ፣ ባህሩ ሲሸሽም መቅዳት አለብኝ» ብላቸው ነበር።

«ጭቃው ሰው ይውጣል። በሰማይ ቤት ለእህቴ ምን ልበላት?»

አመነቻቸው። እሳቸውን ያላመነች ማንን ልታምን?

ጉንፋን የጣላቸው ዕለት ግን ብቻዋን ወረደች። ባህሩ ሸሽቶ ጭቃው አፍጥጧል። ፈራ ተባ እያለች እግሯን ሰደደች። ከቁርጭምጭሚቷ አላለፈም። በቀጭኑ የሚወርደው የወንዙ ውሃ ጠቁሯል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። መለኪያዋን ነከረች፤ ዓሣ የሚተነፍሰው ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። መሣሪያው የተበላሸ መስሏት አጥባ ደገመችው። ያው ነው። ለካ እስከዛሬ ስትቀዳ የኖረችው ባህሩ ሲሞላ ወደ ወንዙ የገፋውን ንጹህ የባህር ውሃ ነው።

ቤት ስትደርስ አጎቷ ፎጣ ተከናንበው መረብ ይጠግናሉ።

«ጉድ! ጭቃ ተቀብተሽ ልትዳሪ ነው?»

«ጋሼ፣ ጭቃው ሰው አይውጥም።»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ቀረ።

«ከዚያ ውሃ የሚወጣውን ዓሣ ሕፃናት ይበሉታል። ነገ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ አልዋሽም። ግን ይንገሩኝ፤ ባህሩ ሲሞላ ብቻ የወሰዱኝ አውቀው ነው? አላወቅሁም ካሉኝ አምንዎታለሁ። አንድ ቃል ብቻ፣ ጋሼ።»

የመረቡን ክር በጥርሳቸው በጠሱ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፤ ኮታቸውን ከምስማሩ አውርደው ለበሱ። በአጠገቧ ሲያልፉ ጉንጯ ላይ የደረቀውን ጭቃ በአውራ ጣታቸው ጠረጉላትና ወጡ።