አበባውን እስኪያሳየን

«ድንኳን ውስጥ ውሃ የምታፈሰው ለምንድን ነው?» አለች አንዷ ለቀስተኛ ንፍሮዋን እየዘገነች።

«ተያት እስቲ፤ ሐዘን ነው» አለች ሌላዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሆሳዕና ሰምታለች፤ ግን አልዞረችም። በጣሳ የያዘችውን ውሃ ድንኳኑን ከደገፉት ባላዎች በአንዱ ሥር ቀስ አድርጋ አፈሰሰችና እጇን በነጠላዋ ጠረገች። አባቷ ቲቸር ዲበኩሉ የተቀበሩት ትናንት ነው። የመቱ ከተማ ዝናብ እንደ ልማዱ ሳይጠራ መጥቶ ሸራውን ይደበድባል። በዝናብ መሃል ውሃ የምታጠጣ ሴት ቢያሙ አይፈረድባቸውም። ከሸራው ሥር ያለው አፈር ግን ደረቅ ነበር፤ ዝናቡን ሲሰማው ይውላል እንጂ ጠብታ አይደርሰውም።

ባላው ገና እርጥብ ነው። የቆረጡት የእድሩ ዳኛ ጋሼ ጭምዴሳ ናቸው። ድንኳኑ ሲተከል አንድ ባላ ጎደለና፣ ከአጋሙ አጥር ጥግ የቆመውን፣ ለመኖም ለቀፎም የማይሆን ዛፍ በገጀራ ጣሉት። ለሁለት የተከፈለው አናቱ ለሸራው የተፈጠረ ይመስል ነበር። ጎን ጎኑን መለመሉት፤ ጫፉ ላይ ግን ትንሽ ቅጠል ቀረ። ሆሳዕና ከመቃብር ስትመለስ አየችው። ቅጠሉ ከእንጨቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከክብሪት ራስ ያነሱ እንቡጦች ነበሩ። ያን ቀን ለዛፉም አለቀሰች፤ ሰው ሁሉንም ለአባቷ ቆጠረላት።

ቲቸር ዲበኩሉ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ እሷም ተማሪያቸው ነበረች። አንድ ቀን መላውን ክፍል ጫማ አስወልቀው መሃል ላይ አስከመሩ። ክፍሉ በእግር ሽታ ታፈነ።

«መድቡ» አሉ።

ተማሪው ጥቁሩን ከጥቁር፣ ቡኒውን ከቡኒ ለየ። ቲቸር ክምሩን አፈረሱት። ትልቁን ከትልቅ አደረገ፤ እሱንም አፈረሱት። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ጫማዎቹን እየገለበጠች የተሰፋውን ከተሰፋ፣ የተጣበቀውን ከተጣበቀ ማስቀመጥ ጀመረች።

«አሁን ሳይንስ ጀመርሽ» አሏት። «አሠራሩን አየሽ። ዓሣ ነባሪ ውሃ ውስጥ ስለኖረ ዓሣ አይሆንም፤ ልጁን ያጠባል፣ ከላምና ከእኛ ጋር ነው። የሌሊት ወፍም ስለበረረች ከወፍ አትመደብም። እንሰትና ሙዝ ግን ዘመድ ይመስላሉ፤ እውነትም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ ሳትመረምሩ አትፍረዱ።»

ግቢያቸው ውስጥ የእያንዳንዱ ዛፍ ቤተሰብና ዝርያ በቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ይንጠለጠላል። ከዳሪሙ ጫካ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያመጡት ይህ ዛፍ ብቻ ቆርቆሮው ባዶ ነበር። ቅጠሉ እንደ ቡና ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ ሲቆረጥ ግን ነጭ ወተት ያፈሳል። ማታ ማታ አባትና ልጅ አግዳሚ ወንበር ይዘው አጠገቡ ይቀመጡ ነበር።

«ከየትኛው ነው ይላሉ፣ አባዬ?»

«ጠርጥሬያለሁ። ግን ቅጠል አይቼ አልፈርድበትም፤ አበባውን ያሳየኝ። ሲያብብ አብረን እንለየዋለን።»

ከዚያ ታመሙ። ዛፉ እንቡጥ ያወጣው እሳቸው አልጋ ላይ እያሉ ነበር፤ ልጅቷም ከአልጋው ሥር ስለማትጠፋ አላየችም። አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንቡጡ ሳይደርቅ እንዲፈታ። ካልተፈታ የአባቷ ጥያቄ አብሯቸው ተቀብሮ ሊቀር ነው።

ከሰዓት ላይ ከኡካ የመጣ እንግዳ ጎረቤታቸውን እትዬ ሳሊሐን ጠየቃቸው። «ሟች ከወሎ ሰፋሪዎች ናቸው ወይስ ከሁሩሙ ተወላጆች?»

«በሕፃንነቱ ከእኛ ጋር ከወሎ መጣ፣ ሁሩሙ ኦሮሞ ቤት አደገ። ይኸው ሁለቱም ወገን እያለቀሰለት ነው፤ የቱን ልለይልህ?»

ሆሳዕና ሳታስበው ፈገግ አለች። አባቷ ይህን ቢሰሙ ጫማ ያስወልቁ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ጭምዴሳ ጎረምሶች አስከትለው መጡ። ሌላ ሰፈር ሰው ስላረፈ ድንኳኑ ይፈለጋል። አንዱ ጎረምሳ ባላውን መነቅነቅ ሲጀምር ሆሳዕና እጁን ያዘችው።

«ጋሼ፣ ይህን ይተዉልኝ። አባዬ አበባውን ሲጠብቁት የኖሩት ዛፍ ነው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው እንቡጦቹን አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይቺ ለምንም የማትሆን እያልኩ የምቀልድባት? እኔው ነኝ የቆረጥኳት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ማል ጎና፣ ኢንታላ ኮ!» አሉ፤ ምን እናድርግ ልጄ ማለታቸው ነው። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ጓደኛቸው ቲቸር ዲበኩሉ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ሲረጋጉ ተነሱና ባላው ሥር ያለውን አፈር በእጃቸው ጠቀጠቁት። «ሸራውን ፍቱ፤ እሷ ትቁም። ለእድሩ ከቤቴ ሌላ ባላ አመጣለሁ።»

ድንኳኑ ሄደ። ሰውም እየሳሳ ሄደ። ባዶው ግቢ መሃል አንድ ባላ ብቻውን ቀረ፤ ሸራው የከለከለውን ዝናብም ሌሊቱን ሙሉ ጠጣ።

ሲነጋ ሆሳዕና ግቢው አበባ አበባ ሲሸት ነቃች። ሕልም መስሏት ትንሽ ተኛች። ሽታው ግን አልሄደም። በባዶ እግሯ ወጣች። አንዱ እንቡጥ ተፈትቷል። የአበባው ቅጠሎች ነጭ፣ አምስት፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ። ይህን አዟዟር ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አጥራቸው ላይ ስታየው ኖራለች። እሾህ የለውም እንጂ ወተቱም፣ ጥንድ ቅጠሉም፣ ሽታውም ያው ነው። ከሩቅ ጫካ የመጣው እንግዳ ዕድሜውን ሙሉ ዘመዱን ተደግፎ ነበር የቆመው።

አግዳሚውን ጎትታ አጠገቡ አመጣችው። በአባቷ በኩል ያለውን የዝናብ ውሃ በነጠላዋ ጠረገችና ራሷ በዳር በኩል ተቀመጠች።

«አባዬ» አለች፣ «የአጋም ዘመድ ነው።»