የወፍራሙ ሰውዬ ለቅሶ

ከፍያለው አዲስ አበባ ሳለ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ማይክራፎን ይዞ የፈረንጅ ኮሜዲ ይተረጉም ነበር። የቤቱ ባለቤት ብርቅአየሁ ግን «ያንተ ድምፅ መርዶ ለመንገር ነው የሚሆነው» ብሎ በሰው ፊት አባረረው። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ስቶክሆልም አውቶቡስ ሲያጥብም፣ ቱነልባና በሚሉት የምድር ባቡር ውስጥ ቆሞ ሲሄድም ያችን ቃል ያመነዥካታል። አምና ብርቅአየሁ ራሱ እዚያው ከተማ፣ ስፖንጋ ሰፈር፣ ልጁ ዘንድ መጣ። ከፍያለው ይኼን ሲሰማ፣ ይህን ሰውዬ አንዴ ሳላስቀው አልሞትም አለ።

ብሬዴንግ ሰፈር ያለውን የሐበሻ ማኅበር አዳራሽ ለአንድ እሁድ ለምኖ አገኘ። የመረጠው ፊልም ሲኒማ አፍ በፈታ ሰሞን የተሠራ አጭር ኮሜዲ ነው፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ የገላ መታጠቢያ ገንዳ በመስኮት ሊያስገባ ይታገላል። የቀረጻው ማይክራፎን የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ስለተደበቀ ተዋንያኑ ሁሉ የሚጮኹት አበባው ላይ ነው።

ማስታወቂያውን ራሱ ሠራ። የወፍራሙን ጥቁርና ነጭ ፎቶ አተለቀ፤ ደመቅ ይበል ብሎ ዙሪያውን በጥቁር ከፈፈው፤ ከሥሩ ቀኑንና ቦታውን ብቻ ጽፎ በየሐበሻው ሱቅ ለጠፈ።

እሁድ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ጎረፈ። የማኅበሩ ሰብሳቢ አሰጋሽ አንድ ድስት ምስር ወጥ ተሸክማ ገባች። ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም፤ ለቅሶ ላይ ነውር ነው። ከፍያለው ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ብርቅአየሁ በከዘራው እየተደገፈ መጥቶ አቀፈው።

«ያኔ በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ምንህ ነበር?»

ኮሜዲ ነው ቢለው ይቅርታውን መልሶ ሊወስድበት ነው።

«የአክስቴ ልጅ» አለ ከፍያለው።

ብርቅአየሁ የፈረንጁን ፎቶ አየት አደረገና፣ አክስትህ ከማን ወለደችው ሳይል ተቀመጠ።

ፊልሙ ጀመረ። ከፍያለው በዚያ በወፍራም ድምፁ «ገንዳውን ያዘው፣ ጣቴን ቆረጠው» እያለ ሲተረጉም ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ። አሰጋሽ ተዋንያኑ አበባው ላይ ሲጮኹ ስታይማ ጭራሽ አልቻለችም። በመጨረሻ ገንዳው ከነወፍራሙ ደረጃውን ቁልቁል ተንሸራቶ የአንዱን ፖሊስ ሱሪ ይዞ ሄደ። የብርቅአየሁ ትከሻ ተርገፈገፈ። እያለቀሰ ነው ብለው ውኃ ሲያቀብሉት፣ ውኃውን ረጭቶ በሳቅ ፈረሰ።

ከፍያለው ፊልሙን አቆመ።

«ጋሼ፣ ለቅሶ ላይ ነው ያሉት» አለ በማይክራፎኑ። «የሚስቁት በአክስቴ ልጅ ነው?»

ሁለት ሰዎች ብርቅአየሁን ደግፈው አስወጡት፤ ደጅ ሆኖም ሳቁ ይሰማል። ከፍያለው ያችን የድሮዋን ከልቡ ይቅር ብሏታል። ይቺኛዋን ግን እስኪሞት አይረሳትም።